ለፖሊስ የሚሆን ሽጉጥና ጠመንጃ አመራረጥ፦ ከአዳማ የተኩስ ሜዳ

ጣቷ ቃታው ላይ በደንብ አልደረሰም።

ኮንስታብል ናት። ከስልጠና ከወጣች ገና ጥቂት ወሯ ነው። ከአዳማ ወጣ ብሎ ባለ የተኩስ ሜዳ ላይ ናሙና ሽጉጦችን ልንሞክር ተሰብስበናል። የያዘችው ሽጉጥ እጀታው ወፍራም ነው። ቃታውን ለመሳብ መዳፏን ወደ ጎን ማዞር ግድ ሆነባት። ስታዞረው ሽጉጡ ከክንዷ ጋር መስመር አልይዝ አለ። ከ10 ጥይት ዒላማውን ያገኙት 3 ብቻ ናቸው። አጠገቤ የቆመ ባልደረባዬ «ይቺ ልጅ ተኩስ አይሆንላትም» አለ። እኔ ምንም ሳልል እጀታው ቀጠን ያለ ሌላ ሽጉጥ አቀበልኳት። ያው ርቀት፣ ያው ጥይት። 9 አስገባች።

የዚያን ቀን ማታ የኮሚቴውን መመዘኛ ወረቀት አውጥቼ አየሁት። ዋጋ አለ። ክብደት አለ። ካዝናው ስንት ጥይት ይይዛል የሚል አለ። ስለሚይዘው ሰው እጅ ግን አንድ መስመር የለም። ከዚያ ወዲህ በመሣሪያ ክፍልና በአሰልጣኝነት ዓመታት አሳልፌያለሁ። እዚህ የምጽፈው በእነዚያ ዓመታት የያዝኩትን ነው። የግዢ ቴክኒክ ኮሚቴ ውስጥ ለገባችሁ፣ ነገ ለምትገቡ፣ ወይም መሣሪያው ወገባችሁ ላይ ለሚውል ሁሉ ይሁን።

1. የሞዴል ስም ከመጥራታችሁ በፊት ሥራውን ጻፉ

ስብሰባ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ ሁሌም «ግሎክ ይሻላል ወይስ ሌላ?» ነው። ለጊዜው አቆዩት። ባዶ ወረቀት ውሰዱና ማን፣ የት፣ ምን እንደሚሠራ ጻፉ። ትራፊክ ፖሊሱ፣ በእግሩ ቅኝት የሚወጣው፣ ባንክ የሚጠብቀው፣ መርማሪው፣ አድማ በታኙ፣ ፈጥኖ ደራሹ። ውሏቸው አንድ አይደለም። መርማሪው ሽጉጡን ሸሚዝ ስር ይይዛል፤ ቀኑን ግማሽ ወንበር ላይ ነው። ቅኝት የሚወጣው ደግሞ ፀሐይ ላይ ለስምንት ሰዓታት ይቆማል። ላቡ ሽጉጡ ላይ ይወርዳል። ላብ ጨው ነው፤ ብረት ይበላል።

ቀጥሎ ቦታውን ጻፉ። አዳማ ፍራንኮ አካባቢ ወይም መናኸሪያው ጋ በገበያ ቀን ቁሙና ዙሪያችሁን እዩ። ከተጠርጣሪው ጀርባ ባጃጅ አለ። ከባጃጁ ጀርባ ሱቅ፣ ከሱቁ ጀርባ ጓዳ፣ ጓዳው ውስጥ ሰው። ግድግዳው ብዙ ጊዜ ጭቃ ወይም ቆርቆሮ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ስሌት አለ፤ እያንዳንዱ አዛዥ በቃሉ እንዲይዘው እመኛለሁ። የተለመደው የ9 በ19 የሽጉጥ ጥይት (የመጀመሪያው ቁጥር የአረሩ ውፍረት፣ ሁለተኛው የቀለሃው ርዝመት ነው፣ በሚሊ ሜትር) አረሩ 8 ግራም ያህል ይመዝናል። የክላሽ ጥይት፣ ማለትም 7.62 በ39፣ አረሩም 8 ግራም ያህል ነው። ክብደታቸው እኩል ነው። ልዩነቱ ፍጥነቱ ላይ ነው። የሽጉጡ በሰከንድ 360 ሜትር አካባቢ ይሄዳል፤ የክላሹ 715 ሜትር ያህል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። የሽጉጡ 500 ጁል፣ የክላሹ 2000 ጁል ገደማ። ያ ጉልበት የመጀመሪያው ሰው ላይ አያልቅም። የመጀመሪያው ግድግዳ ላይም አያልቅም።

በከተሞቻችን መንገድ ላይ ክላሽ ያነገተ ፖሊስ ማየት ስለለመድን ጥያቄ አናነሳበትም። እኔ አነሳለሁ። ክላሽ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ቦታ አለው። ሰው በሚተራመስበት ገበያ ውስጥ ግን ለቅኝት ፖሊስ ሽጉጥ ይሻላል። በዚህ አቋሜ ብዙ ተከራክሬያለሁ፤ አሁንም አልተውኩትም።

ሕጉም ከወረቀቱ ላይ ይግባ። የተባበሩት መንግሥታት የሕግ አስከባሪዎች የኃይልና የጦር መሣሪያ አጠቃቀም መሠረታዊ መርሆዎች እ.ኤ.አ. በ1990 ሀቫና ላይ ጸድቀዋል። ሆን ብሎ ለመግደል መተኮስ የሚቻለው ሕይወትን ለማዳን ፈጽሞ ሌላ አማራጭ ሲጠፋ ብቻ እንደሆነ ይደነግጋሉ። ፖሊስ ሕይወት የማያጠፉ መሣሪያዎችም እንዲኖሩት ይጠይቃሉ። ስለዚህ የሽጉጥ በጀት ስትይዙ ዱላውን፣ ጋሻውንና አስለቃሽ ጭሱን አብራችሁ ያዙ። ወገቡ ላይ ከሽጉጥ በቀር ምንም የሌለው ፖሊስ ሲጨንቀው የሚያወጣው ያንኑ ነው።

2. ጥይቱን ምረጡ፤ ስሙንም ሙሉውን ጻፉ

አንድ ጊዜ በሠራሁበት ቦታ የጥይት ግዢ ጥያቄ ላይ «9 ሚሊ ሜትር» ብቻ ተብሎ ተጻፈ። ሳጥኖቹ መጡ፣ ተቆጠሩ፣ ተፈረመባቸው። የተኩስ ልምምድ ቀን ካዝና ልንሞላ ስንከፍታቸው ጥይቱ አጭር ነው። ሽጉጦቹ 9 በ19 ነበሩ። የመጣው የማካሮቭ 9 በ18 ነው። ሠላሳ ሰው ሜዳ ላይ ፀሐይ ሲመታው ውሎ ሳይተኩስ ተመለሰ።

ሁለቱ በስም ይመሳሰላሉ እንጂ አንዱ የሌላውን ቦታ አይተካም። የማካሮቭ ጥይት ቀለሃው 1 ሚሊ ሜትር ያጥራል፤ አረሩ ግን ትንሽ ይወፍራል፣ 9.27 ሚሊ ሜትር ገደማ። በሽጉጡም ሆነ በጥይቱ ሰነድ ላይ ሁለቱንም ቁጥር ጻፉ። ዲያሜትሩን ብቻ የጻፈ ሰነድ አትፈርሙ።

የትኛውን እንምረጥ ካላችሁ፣ ለአዲስ ግዢ መልሴ 9 በ19 ነው። ሰዎች «ትልቅ ጥይት ይሻላል» ይላሉ። በዚህ መንገድ የሄዱ አሉ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 11 ቀን 1986 ማያሚ ውስጥ ሁለት የኤፍ ቢ አይ (የአሜሪካ ፌደራል ምርመራ ቢሮ) ወኪሎች በተኩስ ልውውጥ ተገደሉ። ድርጅቱ ጥይቴ በቂ ጥልቀት አልገባም ብሎ ወደ 10 ሚሊ ሜትር፣ ቀጥሎም .40 ወደሚባለው አጠር ያለ ጥይት ሄደ። እነዚህ ጥይቶች የሚራገጡ ናቸው። ብዙ ወኪል በደንብ መቆጣጠር አቃተው። በመሃል የ9 በ19 ጥይት አሠራር ተሻሻለ። ኤፍ ቢ አይ ሠላሳ ዓመት ገደማ ዞሮ እ.ኤ.አ. በ2016 የግሎክ 9 በ19 ሽጉጦችን ውል ፈረመ። ያንን ዙር እኛ መድገም አያስፈልገንም።

ከዚያ ታሪክ የተረፈ አንድ መለኪያ ግን ጠቃሚ ነው። ጥይቱ የሰውን ሥጋ በሚተካ የጄላቲን ብሎክ ውስጥ ከ30 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ገብቶ እንዲቆም ይፈለጋል። ያነሰ ከሆነ አይበቃም። የበለጠ ከሆነ ወጥቶ ሌላ ሰው ያገኛል። አቅራቢውን የዚህን ፈተና ውጤት ጠይቁት። ለልምምድ የሚሆነውና ለሥራ የሚያዘው ጥይት ሁለት የተለያየ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ክብደታቸውና ርግጫቸው ግን ይቀራረብ።

3. በጀቱን ከጥይት ጀምሩ

ሽጉጥ አንዴ ይገዛል። ጥይት በየዓመቱ ይገዛል። እስቲ 300 አባላት ያሉትን መምሪያ አስቡ። እያንዳንዱ በሦስት ወር አንዴ 50 ጥይት ቢተኩስ በዓመት 200 ነው። 300 ሲባዛ በ200፣ 60,000 ጥይት ይመጣል። በአሥር ዓመት 600,000። ይህን ቁጥር በዛሬው የጥይት ዋጋ አባዙትና ከሽጉጡ ዋጋ ጎን አስቀምጡት። አብዛኛው ኮሚቴ ይደነግጣል። ይደንግጥ፤ ከግዢ በኋላ ከሚደነግጥ ይሻላል።

ውድ ሽጉጥ ገዝቶ በዓመት 10 ጥይት ከማስተኮስ፣ ዋጋው መካከለኛ የሆነ አስተማማኝ ሽጉጥ ገዝቶ 200 ማስተኮስ እጅግ ይበልጣል። ገንዘቡ ለሁለቱ ካልበቃ የሽጉጡን ቁጥር ቀንሱ። ያልሠለጠነ ሰው ያለሽጉጥ ቢወጣ እመርጣለሁ። ይህን ስል የሚቆጡኝ አሉ። መንገድ የሳተ ጥይት ያገኘውን የሰፈር ልጅ እያሰብኩ ነው የምለው።

4. እጅን ለኩ

እውነተኛው ምርጫ የሚያልቀው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ጊዜ ስጡት።

20 ሰው ምረጡ። ምርጥ ተኳሾችን አታምጡ፤ እነሱ በሁሉም ሽጉጥ ይመታሉ። አዲስ ቅጥሮች ይግቡ። ሴቶች ቢያንስ ሲሶ ይሁኑ። ግራኝ ይኑርበት። አንድ ሁለት ጡረታቸው የቀረበ፣ የቅርብ ማየት ያስቸገራቸው ሳጅኖችም ይኑሩ። የመሣሪያ ምርጫ የሚፈተነው በእነሱ ነው።

መጀመሪያ ያለ ጥይት። ሽጉጡ ባዶ መሆኑን ሁለት ሰው በዓይኑም በጣቱም ያረጋግጥ። ከዚያ በአንድ እጅ እንዲይዙ አድርጉ። የሽጉጡ ጀርባ፣ የእጅ አንጓና ክንድ በአንድ መስመር ላይ መሆን አለባቸው። በዚህ አያያዝ የጠቋሚው ጣት የመጀመሪያ አንጓ ሥጋ ቃታው ላይ ያርፋል ወይ? ካላረፈ እጀታው ትልቅ ነው። ዛሬ ብዙ ሽጉጦች የእጀታ ጀርባቸው ይቀየራል፤ ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ። ይህ በመመዘኛው ላይ «ቢኖር ጥሩ» ተብሎ ሳይሆን «ግዴታ» ተብሎ ይግባ። ካዝና መልቀቂያውን በአውራ ጣት ሳይዞሩ ይደርሱበታል? ለግራኝ ይገለበጣል? ማቀባበል ያቃታት አለች? ያቃታት ካለች የአያያዝ ዘዴ አስተምራችሁ እንደገና ሞክሩ፤ ብዙ ጊዜ ችግሩ ጉልበት አይደለም።

ከዚያ በጥይት። ከ5፣ ከ10 እና ከ15 ሜትር። በሁለት እጅ፣ በቀኝ ብቻ፣ በግራ ብቻ። የእያንዳንዱን ሰው ውጤት በየሽጉጡ መዝግቡ። መጨረሻ ላይ አማካዩን አትመልከቱ። የመጨረሻዎቹን አምስት ሰዎች ውጤት ተመልከቱ። እነዚያ አምስቱ የተሻለ የተኮሱበትን ሽጉጥ ምረጡ። ጎበዞቹ አይጎዱም።

ቃታን በተመለከተ አንድ አሮጌ እምነት አለ። «ቃታው ከባድ ይሁን፣ በስህተት እንዳይተኩስ» ይባላል። የኒው ዮርክ ፖሊስ ለረጅም ጊዜ 5.4 ኪሎ ግራም ያህል መሳብ የሚጠይቅ ቃታ ይጠቀም ነበር፤ ከተለመደው የግሎክ ቃታ እጥፍ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2012 ኢምፓየር ስቴት ህንጻ ፊት ለፊት ሁለት ፖሊሶች ሽጉጥ ወደደገነባቸው ነፍሰ ገዳይ 16 ጥይት ተኮሱ። ሰውየው ሞተ። 9 መንገደኞችም በፖሊስ ጥይትና ፍንጣሪ ቆሰሉ። ብዙ አሰልጣኞች ጣታቸውን በዚያ ከባድ ቃታ ላይ ቀሰሩ። ምክንያቱ እሱ ብቻ አይደለም፤ ሕዝብ መሃል ነው፣ ድንጋጤ አለ። ነገር ግን ከባድ ቃታ ስትስቡ የሽጉጡ አፍ እንደሚወዛወዝ ዛሬውኑ በባዶ ሽጉጥ ማየት ትችላላችሁ። ጫፉ ላይ ሳንቲም አስቀምጡና ሳቡ። በስህተት መተኮስን የሚከላከለው ልማድ ነው፦ ለመተኮስ እስክትወስኑ ጣት ከቃታ ውጭ።

ስለ ማካሮቭ ጥቂት ልበል፤ ብዙ ሰው የሚያውቀው እሱን ስለሆነ። እ.ኤ.አ. በ1951 ሶቪየት ጦር የተቀበለው፣ 8 ጥይት የሚይዝ፣ 730 ግራም ያህል የሚመዝን ሽጉጥ ነው። ክፍሎቹ ጥቂት ናቸው፤ ቢቆሽሽም ይሠራል። እጃችሁ ላይ ያለው እሱ ከሆነ አትናቁት፤ ሠልጥኑበት። የመጀመሪያው ጥይት ረጅምና ከባድ ስበት ይፈልጋል፤ ሁለተኛው ቀላል ነው። ልምምዳችሁ ይህንን የመጀመሪያ ስበት ደጋግሞ ይያዝ። ብዙ ሰው መዶሻውን በአውራ ጣቱ አንስቶ ይለማመድና የጨነቀው ቀን ጣቱ እንግዳ ይሆንበታል።

5. የአዳማን አቧራ አስፈትኑት

የነፋስ ማመንጫዎቹ ከተማችን ዳር ላይ የተተከሉት ያለ ነገር አይደለም። በበጋ ነፋሱ ሲነሳ ደቃቁ አቧራ ቡና ስኒ ውስጥ ሳይቀር ይገባል። ሽጉጥ ውስጥማ እንዴት አይገባ።

አምራቹ በራሱ አገር የፈተነውን ወረቀት ያምጣ፤ ጥሩ ነው። እናንተ ደግሞ እዚሁ ፈትኑት። ከእያንዳንዱ ሞዴል ቢያንስ 3 ናሙና ይኑር። በእያንዳንዳቸው 2,000 ጥይት ተኩሱ፤ የምትገዙትን የራሳችሁን ጥይት። በየ500ው አጽዱ። የከሸፈውን፣ የነከሰውን፣ ቀለሃ ያልተፋውን ሁሉ በቁጥር መዝግቡ። ስህተቱ የጥይቱ ነው፣ የካዝናው ነው ወይስ የሽጉጡ? ካዝናዎቹን በቀለም ቁጥር ጻፉባቸው፤ አለበለዚያ አንድ የተበላሸ ካዝና ደህናውን ሽጉጥ ያሰድባል።

ከዚያ ሽጉጡ በማኅደሩ (ወገብ ላይ በሚታሰረው መያዣው) ሆኖ አንድ ቀን ሙሉ ነፋስ ላይ ቅኝት ይዋል። ማታ ሳይጸዳ ይተኮስ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ታያላችሁ። ዘይት የጠጣው ሽጉጥ ቀድሞ ይነክሳል። ከፍታችሁ ስታዩት ዘይቱና አቧራው ተቦክተው ጥቁር ሊጥ ሆነዋል፤ በጣት ይዛቃል። «ዘይት አብዙለት» የሚሉ የድሮ አለቆች ነበሩን። በአዳማ ሦስት አራት ጠብታ፣ ብረት ከብረት የሚፋተግበት ቦታ ላይ ብቻ። ሌላው በደረቅ ጨርቅ ይወልወል።

የመውደቅ ፈተናን አትዝለሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ የአሜሪካ ጦር ሲግ ፒ320 የተባለውን ሽጉጥ መረጠ። በዚያው ዓመት ክረምት ለገበያ የቀረበው የዚሁ ሽጉጥ ስሪት በተወሰነ አቅጣጫ ሲወድቅ ሊተኩስ እንደሚችል ታየ፤ አምራቹም ማሻሻያ አወጣ። ስመ ጥር አምራች ላይ ከደረሰ ማንም ላይ ይደርሳል። ባሩድና አረር የሌለው፣ ካፕሱል (ባሩዱን የሚያቀጣጥለው) ብቻ ያለው ቀለሃ አጉርሳችሁ ከ1.5 ሜትር ወደ ሲሚንቶ ጣሉት። በአፉ፣ በጀርባው፣ በግራ ጎኑ፣ በቀኝ ጎኑ፣ በእጀታው። ካፕሱሉ አንዴ እንኳ ከፈነዳ ያ ሞዴል ወጣ።

6. ለፈጥኖ ደራሽና ለልዩ ተልዕኮ

እነዚህ የተለየ ዝርዝር ይፈልጋሉ። ከቅኝት ፖሊሱ ጋር በአንድ ጨረታ አትቀላቅሏቸው።

ሽጉጥ የማይበቃበት ቀን አለ። እ.ኤ.አ. የካቲት 28 ቀን 1997 ሎስ አንጀለስ፣ ሰሜን ሆሊውድ ውስጥ ሁለት የባንክ ዘራፊዎች ጥይት መከላከያ ለብሰው ጠመንጃ ይዘው ወጡ። ፖሊሶቹ የያዙት ሽጉጥና አጭር ርቀት የሚሠራ ሾትገን ነበር። የሽጉጡ ጥይት የለበሱትን መከላከያ አልፎ አልገባም። ከዚያ በኋላ ብዙ የአሜሪካ ፖሊስ መምሪያዎች ጠመንጃ በመኪና ውስጥ ማስቀመጥ ጀመሩ። ልብ በሉ፣ በመኪና ውስጥ፤ ትከሻ ላይ አይደለም። ለእኛም የምመክረው ይህንኑ ነው፦ ጥቂት ጠመንጃ፣ በደንብ በሠለጠኑ ጥቂት ሰዎች እጅ፣ ተቆልፎ በፓትሮል መኪና።

ቤት ውስጥ ለሚገባ ቡድን አጭርና ቀላል መሣሪያ ያስፈልጋል። ኤም ፒ 5 የተባለው የጀርመን አጭር አውቶማቲክ መሣሪያ ለብዙ ዓመታት የዚህ ሥራ መለያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 ለንደን የኢራን ኤምባሲ ታጋቾች ሲለቀቁ ዓለም አየው። የሽጉጥ ጥይት ስለሚተኩስ ርግጫው ለስላሳ ነው። ጥይት መከላከያ ግን አይበሳም፤ ስለዚህ ብዙ ቡድኖች 5.56 ሚሊ ሜትር ጥይት ወደሚተኩስ አጭር ጠመንጃ ዞረዋል። እናንተ ጋ ክላሽ ካለ፣ መለዋወጫውና የሚጠግነው ሰው ካለ፣ መጀመሪያ እሱን አሻሽሉ። ጥሩ ማንገቻ፣ የሚስተካከል ሰደፍ፣ መብራት። አንድ በአንድ መተኮስን ብቻ አለማምዱ። ከተማ ውስጥ በአውቶማቲክ የሚፈታ ችግር አላየሁም።

መብራቱን አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ለቀይ ነጥብ ማነጣጠሪያ ገንዘብ ከመፈለጋችሁ በፊት ለእያንዳንዱ የቡድን አባል በመሣሪያው ላይ የሚታሰር መብራት ግዙ። ሰፈሩ መብራት ጠፍቶ ጨለማ ውስጥ የገባ ፖሊስ፣ በሩ ጋ የቆመው ልጅ የያዘው ስልክ ይሁን ሽጉጥ ማየት አለበት።

7. ማኅደሩና ጨረታው

ማኅደር ከሽጉጡ ጋር አብሮ ይገዛ፤ ለዚያው ሞዴል የተሠራ፣ ቃታውን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን፣ ሰው ከኋላ መጥቶ ቢስበው የማይወጣ። ግርግር ውስጥ የሚነጠቀው ሽጉጥ ባለቤቱን ነው የሚያስፈራው። ገበያ የተሰፋ ለስላሳ ቆዳ ማኅደር አትቀበሉ፤ ሲያረጅ ይታጠፍና ሽጉጡ ሲመለስ ቃታውን ይነካል።

ጨረታው ላይ፦ በአንድ ሽጉጥ ቢያንስ 3 ካዝና። የአምስት ዓመት መለዋወጫ፣ በተለይ ስፕሪንግና መቺ መርፌ። ቢያንስ ለ2 የመሣሪያ ጥገና ባለሙያ ስልጠና። ሲደርስ ከየሳጥኑ በዕጣ ወጥቶ የሚተኮስ ናሙና። ናሙናው ካልሠራ ሳጥኑ እንዲመለስ በውሉ ይጻፍ።

በኮንትሮባንድ የተያዘ ሽጉጥ ለአባላት ይታደል የሚል ሐሳብ አንዳንዴ ይነሳል። አይሆንም። ከተያዙት ውስጥ ድምፅ ብቻ ከሚያሰማ ሽጉጥ የተቀየሩ ይገኛሉ፤ በርሜላቸው ለእውነተኛ ጥይት አልተሠራም፣ እጅ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። የተያዘው ኤግዚቢትም ነው። ስለ መሣሪያ አያያዝ የወጣውን አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ኮሚቴው ቁጭ ብሎ ያንብበው።

8. ከገባ በኋላ

መሣሪያ ክፍሉ በር ላይ አሸዋ የተሞላ በርሜል አቁሙ። ሽጉጥ ሲወጣም ሲገባም አፉ ወደዚያ በርሜል ይሁን፤ መጀመሪያ ካዝና ይውጣ፣ ቀጥሎ ሽጉጡ የጎረሰው ጥይት ይውጣ። ቅደም ተከተሉን የቀየረ ሰው ነው ግድግዳ የሚመታው። ለእያንዳንዱ ሽጉጥ በቁጥሩ ደብተር ይከፈት፦ ማን ወሰደው፣ ስንት ተኮሰ፣ መቼ ከሸፈ፣ መቼ ስፕሪንግ ተቀየረለት። በዓመቱ መጨረሻ ያንን ደብተር ይዛችሁ ያቺን ኮንስታብልና ከኋላ የቀሩትን አምስቱን ጥሩ፤ እንደገና ከ5 ሜትር አስተኩሷቸው፣ ውጤታቸውንም ከመጀመሪያው ቀን ወረቀት ጎን ጻፉት።